ሳይወርድ ያለፈ

ወደ ሰቆጣ የሄድሁት አገር ለማየት አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ አንባቢ የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ነገር እንዳወራለት ይጠብቀኛል። ከከተማው ብዙም የማይርቀውን ያን ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሳላየው ነው የተመለስሁት። አሠልጣኜ በሰጠኝ ወረቀት ላይ አልነበረማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እንጀራዬም ሕልሜም የተራራ ብስክሌት ውድድር ነበር። ለጥ ባለ ሜዳ ያደገ ሰው የተራራ ተወዳዳሪ መሆኑ ለጓደኞቼ ሁሌም ቀልድ ነው፤ «ዳገት ሲናፍቅህ ድልድዩ ላይ ትመላለሳለህ አሉ» ይሉኛል። በዘጠናዎቹ ማብቂያ፣ በአንዱ የውድድር ዘመን መጨረሻ፣ ቀልዱ እውነት ሆነብኝ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ደከመኝና አንድ እግሬን መሬት አስነካሁ። አንዴ መሬት የነካ እግር ተመልሶ ፔዳል እስኪረግጥ ድረስ ሰው ያልፋል። አራተኛ ወጣሁ፤ ለቡድኑ የተመረጡት ሦስት ናቸው።

ውድድር በማይኖርባቸው ወራት አሠልጣኜ አንድ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ከፍ ያለ አገር ሂድ፣ ረጅም ሰዓት ንዳ፣ በመጨረሻም አንድ ትልቅ ዳገት ከወንዝ እስከ አናቱ እግርህን ሳታስነካ ውጣ ይላል። በቃልም ጨመረበት፤ «ይህን ሳታደርግ ጥር ላይ እኔ ዘንድ እንዳትመጣ» አለኝ። ሰቆጣን የመረጥሁት አብሮኝ የተማረ አንድ አስተማሪ እዚያ ተመድቦ፣ «እዚህ አገር ኳስ የሚቆምበት ሜዳ የለም፤ ና» ብሎ ስለጻፈልኝ ነው።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ከባሕር ዳር ተነሣን። ብስክሌቴ አውቶቡሱ ጣራ ላይ በጆንያና በፍራሽ መካከል ታስሯል። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ሽቅብ እመለከታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ታዘቡኝና «ላይ የጫንኸው ሙሽራ ነው እንዴ?» አሉኝ። በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርገን ወልድያ ስንገባ መሽቶ ነበር። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ብስክሌቱን ይዤ ልገባ ስል በር ላይ ቆመና «የሚያድረው አንድ ሰው ነው ሁለት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ነን አልሁት። ሳቀና አስገባን።

ማክሰኞ ቆቦንና አላማጣን በሙቀት አልፈን ወደ ኮረም ስንወጣ ብርድ ተቀበለን። በአንድ ቀን ውስጥ ሹራብ አውልቆ መልሶ መልበስ ለባሕር ዳር ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ጠዋት የለበሱትን ይዞ መዋል ነው። ከኮረም ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች ሆነ። ሰቆጣ ደርሼ ብስክሌቴን ሲያወርዱልኝ ማርሽ የሚቀይረው የኋላ ካምቢዮ ተጣሞ አገኘሁት፤ መንገድ ላይ የጨው ጆንያ ጭነውበታል። ጓደኛዬን ስጠይቅ ደግሞ ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረ ሳምንቱ ነው ተባልሁ። መዛወሩን የሚነግረኝ ደብዳቤ መንገድ ላይ ተላልፎኝ ይሆናል። ያን ዕለት ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ካምቢዮውን እያየሁ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ አንድ የወፍጮ ቤት መካኒክ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ብስክሌት በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም። ግን ብረት ያውቃል። የተጣመመውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ እያለ አቀናው። ምን ልክፈልህ ስለው «አንዴ ልንዳው» አለኝ። ወፍጮ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ዱቄት የለበሱት ሴቶች እያጨበጨቡለት። ከዚያ ለመንገዴ እንቁላል ገዝቼ አልጋ ቤት አስቀቀልሁ። ወረቀቱ ላይ በየቀኑ ጠዋት አራት እንቁላል ይላል፤ ረቡዕና አርብ የሚባል ነገር አሠልጣኜ አያውቅም።

ሐሙስ ወደ አምደወርቅ መንገድ ወጣሁ። ኅዳር የገባበት ሰሞን ስለነበር አጫጆች ዳገቱ ላይ ተደርድረው ያጭዳሉ። ከአንዱ ጋራ ጀርባ ሌላ ጋራ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ አለ፤ የእኛ አገር ዐይን ሐይቁን ተሻግሮ የሚያርፍበት አያጣም፣ እዚህ ግን ዐይንም ይደክማል። መንገዱ በመካከል ወዳለው ወንዝ ቁልቁል ሲወርድ፣ አጋማሹ ላይ፣ ከአንዲት መንደር በታች፣ የፊት ጎማዬ እሾህ ወጋውና ተነፈሰ። ወርጄ ብስክሌቱን በእጄ ይዤ ቆምሁ።

በዚያው ቅጽበት አንድ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ሽቅብ ይመጣሉ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ኧረ ተባረክ! ኧረ እደግ!» አሉኝ። «የዛሬ ልጅ ከበቅሎ እንኳ አይወርድ፤ አንተ ከብረት ወረድህልኝ!»

ለእሳቸው ክብር የወረድሁ መስሏቸዋል። ጎማው ነው ልል አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። የመጣ ምርቃት ማን ይመልሳል? መስቀላቸውን ተሳለምሁ። እሳቸውም እንደ ቁም ነገር ትምህርት አድርገው ነገሩኝ፦

«በእኛ አገር ሰው አግኝቶ ሳይወርድ የሚያልፍ ሦስት ነው። ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ቂመኛ። ሙሽራው ቸኩሎ፣ በሽተኛው አቅቶት፣ ቂመኛው አውቆ።»

ስማቸው ቄስ ኪዳነማርያም ነው። እምቢ ብልም እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ብስክሌቱን ግን በመንገድ ላይ ደጋግመው ዞር እያሉ ያዩታል።

«ይኸ ሰው አያፈናጥጥም?»

«አያፈናጥጥም አባ። የኋላ መጫኛ ክብደት ነው።»

«ለብቻ ነዋ የሚኬድበት» አሉ።

ባሕር ዳር ብስክሌት ማለት ሚስትን ከነልጇ፣ ጓደኛን፣ የገበያ ዕቃን ኋላ አፈናጥጦ መሄድ ነው። የእኔን ብስክሌት ግን እንደዚያ ዐይቼው አላውቅም።

ባለቤታቸው እማማ ዝማም አጠር ያሉ፣ ነገር የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው በኽምጣኛ ያወራሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ አማርኛ ይሆናል። ምን እንደተባለ ባላውቅም፣ እማማ ዝማም ሙቅ ውኃ ይዘው ሲመጡ ቄሱ ስለ መውረዴ እንደነገሯቸው ገባኝ። እግርህን ካላጠብሁ አሉ። ተግደረደርሁ፤ አልሆነም። ጫማዬን አውልቀው እግሬን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ይኸ እግር መንገድ አያውቅም» አሉና ሳቁ። «እንደ ሕፃን እግር ለስልሷል።»

ያን ማታ የስንዴ ቂጣ በነጭ ማር በላን። የዋግ ማር ሲባል የሰማሁት ሁሉ እውነት ነው። ቄስ ኪዳነማርያም ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ የራሳቸውን ነገር አጫወቱኝ። ካህን ሆነው ያልቆሙበት የኅዳር ሚካኤል የለም። አሁን ግን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ቆሞ መቀደስ አቃታቸው። ስለዚህ የፊታችን እሑድ በሚካኤል ንግሥ ለመጨረሻ ጊዜ ቀድሰው ለልጃቸው ሊለቁ ነው። ልጃቸውም ቄስ ነው።

«እሱ ወጣት ነው፤ ብዙ ሚካኤል ይቀድሳል። ይችኛዋ ግን የእኔ ናት» አሉ። «ቅዳሜ ስትመለስ እደር። ዝማምም ለንግሡ ጠላ ጥላለች።»

እሽ አልሁ። እውነቴን ነበር።

አርብ ጠዋት ጎማዬን ጠግኜ፣ የተቀቀለ እንቁላሌን ደብቄ ወደ ቤቱ ጓሮ ወጣሁ። አራተኛውን ልጨርስ ስል እማማ ዝማም ከኋላዬ ቆመዋል። ቅርፊቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ዛሬ አርብ አይደለም እንዴ?»

«ነው እማማ… ለስፖርት ነው።»

«ወይ ጉድ! የእኛ ዶሮ እንኳ አርብ አርብ መጣል ትታለች፤ ጾሙን አውቃ!»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ቀላ። እንደምንም ቅርፊቱን ለቅሜ ኪሴ ከተትሁና ቶሎ ተሰናበትሁ። እሳቸው ደጅ ድረስ ሸኝተው ንፍሮ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ፤ «ይኸን ብላ፣ ይኸ አይሽርም» እያሉ። ወንዙ ጋ ደርሼ ነገሩን ረስቼዋለሁ። እሳቸው ግን አልረሱትም፤ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አምደወርቅ የደረስሁት ከሰዓት ነው። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ሰው ከብስክሌቱ ዙሪያ ተሰበሰበ። አንድ ጠና ያለ ገበሬ ከሰቆጣ በዚህ መምጣቴን ሲሰማ «መኪና እያለ ምን በደልህ?» አለኝ። ለልምምድ ነው ብዬ አስረዳሁት፤ ዳገቱን፣ ውድድሩን፣ ጥርን። ራሱን ነቀነቀና የራሱን ሻይ ወደ እኔ ገፋው። ያዘነልኝ ይመስለኛል።

ቅዳሜ የዳገቱ ቀን ነው። ከአምደወርቅ ስመለስ ወንዙ ዳር ውኃዬን ሞላሁ፣ ሰዓቴን አየሁ፣ ጀመርሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች ቀላል ነበሩ። ከዚያ ጠጠሩ መጣ፤ ጎማው ይንሸራተታል፣ ልብ ጆሮ ውስጥ ይመታል። አንድ ቦታ ላይ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሊቆም ትንሽ ቀረው፤ እግሬ ከፔዳሉ ሊላቀቅ አለና መለስሁት። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። መንደሪቱ ያለችው ልክ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው።

ቄስ ኪዳነማርያምና እማማ ዝማም መንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እማማ ዝማም በእጃቸው የጠላ ጣሳ ይዘዋል። ቄሱ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጠሩኝ።

አላየኋቸውም ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አየኋቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ድካም ከንቱ ሊሆን ነው፣ ከላይ ስደርስ ተመልሼ እወርዳለሁ ብዬም አሰብሁ። ዐይኔን ከፊት ጎማዬ ሳላነሣ በአጠገባቸው አለፍሁ። እጅ እንኳ አላነሣሁም፤ ዳገት ላይ አንድ እጅ የለቀቀ ይወድቃል። ከኋላዬ ቄሱ «ልጄ!» ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠሩኝ።

እግሬ መሬት ሳይነካ አናቱ ላይ ደረስሁ። ጮህሁ፣ ዘለልሁ፣ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን ጻፍሁ። ከዚያ ወደ ታች ተመለከትሁ። መንደሪቱ ከታች ትታያለች። ጡንቻዬ እንዳይቀዘቅዝ መንዳት አለብኝ፣ ደግሞም እንደገና ሊወጣ ነው፣ ሰቆጣ ሳልደርስ ይመሻል አልሁ። ሰበብ ለሚፈልግ ሰው ሰበብ ሞልቷል። ወደ ሰቆጣ ሄድሁ። ያን ማታ ሥጋ በላሁ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሑድ ወረቀቴ ላይ «ዕረፍት» ይላል። አርፍጄ ስነሣ ከከተማው ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይሰማል። ፊቴን ልታጠብ ወደ ግቢው ስወጣ ቄስ ኪዳነማርያም ከበሩ አጠገብ አፈር ላይ ተቀምጠዋል። ሳይክል ያለው እንግዳ የት አደረ ብለው ጠይቀው ነው የመጡት። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሷል። ሲያዩኝ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ፤ ከግቢው ጥግ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተው ጫንቃቸው ላይ አደረጉ። አጎነበሱ።

«ማረኝ ልጄ።»

«አባ! ኧረ ምን ሆነው ነው? ኧረ ያውርዱት!»

«መጀመሪያ ምሬአለሁ በል።»

«ምኑን ነው የምምረው? ምን አደረጉኝ?»

«ዝማም በእንቁላሉ አሳፍራሃለች። የእግዜር እንግዳ ቤታችን ገብቶ አፍሮ ወጣ። ከትናንት ጀምራ እህል አልቀመሰችም። እኔም ቂም ያለው ሰው እያለብኝ እንዴት መሥዋዕት እሠዋለሁ? ትናንት ከሰዓት ተነሥቼ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አድሬ መጣሁ።»

ድንጋዩን ከጫንቃቸው ተቀብዬ አወረድሁ። ከባድ ነበር። አልጋ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ወጥተው ያዩናል፤ የሚያዩት ያን ሽማግሌ ሳይሆን እኔን ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ቂም የለኝም፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው አልኋቸው።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «ሙሽራ አይደለህ፣ በሽተኛ አይደለህ። ስለምን ሳትወርድ አለፍህ?»

«ልምምድ ነው አባ።»

«ምን መልመድ?»

«ሳይወርዱ መውጣት።»

 ሊነኩኝ ብለው አልነበረም፤ የእውነት ጠየቁኝ።

«ይኸም ይለመዳል እንዴ?»

ያን ጊዜ የከበሮው ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ዛሬ ሚካኤል ነው።

«አባ… ቅዳሴውስ?»

«ልጄ ቀደሰ።»

 ወደ ብስክሌቴ ዞር ብዬ አየሁ። ባሕር ዳር ከሚርመሰመሱት አሮጌ ብስክሌቶች መካከል አንዱ ቢሆን ኖሮ ኋላው ላይ አፈናጥጬ፣ ቢያንስ ታቦቱ ሲገባ እንኳ አደርሳቸው ነበር እያልሁ ተመኘሁ። የእኔ ግን ለብቻ የሚኬድበት ነው።

ዳቦና ሻይ ቀመሱ። ጥቂት እንዳረፉ ልሂድ አሉ፤ የንግሡ እንግዳ ቤት ሞልቷል፣ ዝማምም ትጠብቃለች። ብስክሌቴን በእጄ እየገፋሁ እስከ ከተማው ጠርዝ ሸኘኋቸው። በየጥቂቱ ቆመው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ከመንገዱ ስንደርስ እስከ ቤት ላድርስዎት አልሁ።

«ነገ አውቶቡስ አለብኝ አላልህም? ተመለስ» አሉ።

እኔም በጄ አልሁ። እንዲህ ቶሎ በጄ ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ቀን አውቶቡስ ቢያመልጠኝ ምን እሆን ነበር? ረቡዕ ልምምድ ነበረኝ፤ ይኸው ነው።

«ለእማማ ዝማም ቂም እንደሌለኝ ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ። ከአፍህ ብትሰማው ግን ታምን ነበር።»

መስቀላቸውን ሲያወጡ ከእንግዲህ መሸከም አቃተኝ።

«አባ፣ ሐሙስ ዕለትም አልወረድሁልዎትም። ጎማዬ ተንፍሶ ነው የቆምሁት።»

ግንባሬን በመስቀሉ ነኩ፤ ፈገግም አሉ።

«ዐይኔ ደክሟል እንጂ አልታወረም ልጄ። ጎማህ መሬት ላይ ተኝቶ አይቼዋለሁ። ባይተነፍስም ትወርድ ነበር ብዬ ነው የመረቅሁህ።»

ከዚያ ተሰናብተውኝ ቁልቁል ሄዱ። እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየኋቸው፤ አራት ጊዜ አረፉ። ወደ አልጋ ቤቱ ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ተመለስሁ።

ሰኞ አውቶቡስ ያዝሁ፤ ማክሰኞ ማታ ባሕር ዳር ገባሁ። አሠልጣኜ ወረቀቱን አይቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ጥር ላይ ቡድኑ ውስጥ ገባሁ፤ በዚያ ዓመት ውድድር የመጨረሻውን ዳገት እግሬን ሳላስነካ ወጣሁ፣ ሰውም አጨበጨበልኝ። ኅዳር በመጣ ቁጥር ወደ ዋግ እሄዳለሁ እላለሁ። አንዱን ዓመት ልምምድ ይዞኝ፣ ሌላውን ሥራ፣ ሌላውን ያለ ምንም ምክንያት ቀረሁ። እማማ ዝማም ይመኑ አይመኑ አላውቅም።

አሁን መወዳደር ትቻለሁ። ብስክሌቴ ላይ የኋላ መጫኛ አስገጥሜበታለሁ፤ ገበያም ሰውም ያፈናጥጣል። መንገድ ላይ ሽማግሌ ሳገኝ እወርዳለሁ። ባሕር ዳር ለሰው ብሎ ከብስክሌት የሚወርድ ስለሌለ ሽማግሌዎቹ ግራ ይጋባሉ፤ ጎንበስ ብለው ጎማዬን ያያሉ።

«ምነው ልጄ፣ ተነፈሰብህ?» ይሉኛል።

«አልተነፈሰም» እላቸዋለሁ።